9ኛ ክፍል የት ላስገባት? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ጅማዎች። ልጄ ሚኒስትሪ ጨርሳለች፤ ለ9ኛ ክፍል ሁለት የግል ትምህርት ቤት ይዤ ተወዛግቤያለሁ። ቤታችን ወደ ጅሬን መውጫ ነው። አንደኛው በእግር 10 ደቂቃ፣ ግን ልጠይቅ የሄድኩ ቀን አንድ መምህር ያረፈዱትን በር ላይ አንበርክኮ ሲሳደብ ደረስኩ፤ ዳይሬክተሩም አይቶ እንዳላየ አለፈ። ሁለተኛው አጂፕ ነው። እዚያ ልጆቹ አስተማሪ ለመጠየቅ አይፈሩም፣ ቤተ ሙከራውም አቧራ አልለበሰም። መንገዱ ነው ጣጣው። ባጃጅ መቀያየር አለ፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ መጣል ሲጀምር ባጃጁ ይጠፋል፣ ቢገኝም «ኮንትራት ካልሆነ» ይላል። እሷ ሩቁን ነው የምትለው (ጓደኛዋ እዚያ ስለምትገባ ይመስለኛል)። ልጅ በባጃጅ የምታመላልሱ፣ በወር ተነጋግራችሁ ነው? ድካሙስ ጥናታቸውን አይጎዳም? እባካችሁ ምዝገባው ሳያልቅ ንገሩኝ።