የእንግሊዝኛው «አዝ» (as) ሁልጊዜ «እንደ» ነው? የሥራ ማመልከቻዬ ላይ ተቸግሬያለሁ

ጥያቄ፦ የሳቢያኗ

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው ያለሁት። አምና በአካውንቲንግ ዲፕሎማዬን ይዣለሁ። አሁን አንድ የጭነት ድርጅት የቢሮ ሠራተኛ ይፈልጋል። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ። ጽፌ ለአጎቴ ልጅ ላክሁለት። «አዞቹን አስተካክያቸው» ብሎ መለሰልኝ። ሥራ ላይ ስለነበር ምኑን እንደማስተካክል አልነገረኝም።

ቆጠርኳቸው። በአንድ ገጽ ስድስት ጊዜ «አዝ» ብያለሁ። እኔ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀው «አዝ» ማለት «እንደ» ማለት ነው ብዬ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «እንደ» የምልበት ቦታ ሁሉ እሱን አስገባሁ። የተጠራጠርኳቸው እነዚህ ናቸው፦

«አይ ኢንፎርም ዩ አዝ አይ ሃቭ ኧ ዲፕሎማ።» ዲፕሎማ እንዳለኝ አሳውቃለሁ ለማለት ነው።

«አይ ዎርክድ ላይክ ኧ ካሸር ፎር ቱ ይርስ።» እየተማርኩ ሁለት ዓመት ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። እዚህ ጋ አዝ በዛብኝ ብዬ ነው ላይክ ያደረግኩት።

«አዝ ዩ ኖው ኢት።» እንደምታውቁት።

«አዝ ሱን አዝ አይ ስታርትድ፣ አይ ዊል ለርን ፋስት።» ሥራ እንደጀመርኩ ቶሎ እለምዳለሁ።

ማመልከቻው የሚዘጋው አርብ ነው። አቦ እርዱኝ።

መልስ፦ ትራንዚተሩ

አብሽሪ እህቴ። ሦስተኛዋን ለእኔ ተዪልኝ፤ ለዓመታት ስሳሳታት ኖሬያለሁ።

«አዝ ዩ ኖው» ብለሽ ቁሚ። «ኢት» አያስፈልግም። እኛ «እንደምታውቁት» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» «እሱን» ማለት ናት። እሷን ተሸክመናት ወደ እንግሊዝኛ እንሻገራለን። እዚያ ግን ቦታ የላትም። «አዝ አይ ሴድ»፣ «አዝ ዩ ሪክዌስትድ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ጅቡቲ ላሉ ደንበኞች በየቀኑ ነው የምጽፋቸው።

ሥራውን ካገኘሽ በጭነት ወረቀት ላይ «አዝ ፐር» የሚል ያጋጥምሻል። «በዚህ መሠረት» ማለት ነው። አሁን ማመልከቻሽ ላይ አታስገቢው።

መልስ፦ ገንደ ቆሬ

ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር አስደንግጣኛለች። «ላይክ ኧ ካሸር» ካልሽ ካሸር አልነበርሽም ማለት ነው። ካሸር እንደሚሠራው ትሠሪ ነበር፣ ካሸር ግን ሌላ ሰው ነው እንደማለት። የሁለት ዓመት ልምድሽን በራስሽ እጅ እየሰረዝሽው ነው። የሠራሽው ሥራ ከሆነ «አዝ ኧ ካሸር» በዪ።

አማርኛችን ውስጥ «እንደ ወንድም ይረዳኛል» እና «እንደ ወንድምነቴ እመክርሃለሁ» ይባላል። በመጀመሪያው ሰውዬው ወንድሜ አይደለም፤ ያ «ላይክ» ነው። በሁለተኛው በእርግጥ ወንድሙ ነኝ፤ ያ «አዝ» ነው። እኔ የምለየው በዚህ ነው።

መልስ፦ የከዚራ መምህር

ልጄ፣ ከላይ የተነገሩሽ ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ በመጀመሪያዋ ልጀምር። ክፍል ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ ያረምኩት ስህተት እሱ ነው።

«እንደ» በአማርኛ ብዙ ሥራ የተጫነባት ቃል ናት። «ታምሜያለሁ ብሎ እንደነገረኝ» እና «እንደታመመ ነገረኝ» የሚሉትን አስተያዪ። በሁለተኛው «እንደ» ምንም ነገር ከምንም ጋር አታመሳስልም። የተነገረውን ወሬ ከግሱ ጋር ብቻ ነው የምታያይዘው። ለዚህ ሥራ እንግሊዝኛ ሌላ ቃል አለው፤ «ዛት» ይባላል። ከማወቅ፣ ከመናገር፣ ከመስማት፣ ከማመን፣ ከማሳወቅ ጋር እንዲህ የምትመጣው «እንደ» አብዛኛውን ጊዜ «ዛት» ናት። «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ዋዝ ሲክ።» በ«ዛት» ፋንታ «አዝ» ካስገባሽ ፈረንጁ «ስለታመመ ነገረኝ» ወይም «ታሞ ሳለ ነገረኝ» ብሎ ይረዳዋል። የነገረሽ ምን እንደሆነ አይገባውም።

ስለዚህ የአንቺ «ኢንፎርም ዩ ዛት» ይሆናል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን «ኢንፎርም»ንም ተዪው። «አይ ሃቭ ኧ ዲፕሎማ ኢን አካውንቲንግ» በቂ ነው። አጭርና ንጹሕ ነው።

አሁን ደግሞ ከወዲያ በኩል እንየው። «አዝ» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ፍጹም እንዲሁ» የሚል ትርጉም ከነበረው ቃል እያጠረ የመጣ ነው። «ም» ወይም «ደግሞ» የምንለው «ኦልሶ»ም የወጣው ከዚያው ቃል ነው። ወንድማማቾች ናቸው። ይህንን ካወቅኩ በኋላ ለማስተማር ቀለለኝ። «አዝ» ውስጥ እኩል መሆን አለ። እኔና ካሸርነቴ አንድ ስንሆን «አዝ ኧ ካሸር» ነው። ሁለት ድርጊቶች እኩል ሲሄዱ በአማርኛ «ስ» የምንለው ነው፤ «አዝ አይ ዋዝ ዎኪንግ» ማለት «ስሄድ» ማለት ነው። ሁለት ነገሮች በመጠን እኩል ሲሆኑ ደግሞ «ያህል» ነው።

«ስለ» የሚለው ትርጉምም አለው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «አዝ ማይ ማዘር ዋዝ ኩኪንግ፣ አይ ዌንት አውት» ብትዪ፣ እናቴ ስታበስል ወጣሁ ነው ወይስ ስለምታበስል ወጣሁ? ሁለቱንም ይሆናል። ምክንያት መናገር ስትፈልጊ «ቢኮዝ» በዪ። ማንም አይሳሳትብሽም።

መልስ፦ ከሀረር

መምህር «ያህል»ን በአጭሩ አለፍከው፤ እኔ ትንሽ ልጨምርበት። እኛ «ሀረር የድሬን ያህል አትሞቅም» እንላለን። አንድ «ያህል» ብቻ። እንግሊዝኛው ግን ሁለት አዝ ይፈልጋል፤ አንዱ ከቅጽሉ በፊት፣ አንዱ ከኋላ። «ሀረር ኢዝ ኖት አዝ ሆት አዝ ድሬዳዋ።» የፊተኛው በአማርኛችን ስለሌለ ይረሳል። የኋለኛው ቦታ ደግሞ በስህተት «ዛን» ይገባበታል። «ዛን» የሚመጣው አንዱ ሲበልጥ ነው፤ «ድሬዳዋ ኢዝ ሆተር ዛን ሀረር» እንደማለት። እኛ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ እናንተ 1,200 አካባቢ። ሙቀቱ የሚበልጠው ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ፊልም ላይ «ላይክ አይ ሴድ» ሲሉ ሁሌ እሰማለሁ። «አዝ አይ ሴድ» መሆን አልነበረበትም?

መልስ፦ የከዚራ መምህር

በንግግር ይሉታል፣ ስህተት ነው ብዬ አልከራከርህም። በማመልከቻና በፈተና ወረቀት ላይ ግን «አዝ» ይሁን። የሚያነበው ሰው ጥብቅ ከሆነ «ላይክ» ዓይኑን ይቆረቁረዋል።

መልስ፦ የማታ ተማሪ

አራተኛዋን ማንም አልነካትም። ለ«እንደጀመርኩ» «አዝ ሱን አዝ» ማለትሽ ልክ ነው። የተሳሳተው «ስታርትድ» ነው። እኛ ገና ያልሆነውን ነገር እንኳ «እንደደረስኩ እደውላለሁ» ብለን ባለፈ ግሥ እንናገራለን። እንግሊዝኛ እዚያ ቦታ የአሁኑን ጊዜ ነው የሚፈልገው። «አዝ ሱን አዝ አይ ስታርት» በዪ። «ዊል» የሚገባው በሁለተኛው በኩል ብቻ ነው። «አዝ ሱን አዝ አይ ዊል ስታርት»ም አይባልም። እኔ በዚህች ፈተና ላይ ነጥብ ተቀንሶብኛል።

የሳቢያኗ

ወላሂ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስት የነበሩት አዞች አምስት ሆኑ። «ላይክ»ን «አዝ» አደረግኩት። «ኢንፎርም»ን አወጣሁት። ምክንያት የተናገርኩበትን አንዱን ወደ «ቢኮዝ» ቀየርኩት። ቲቸር፣ ይቺን ብቻ እይልኝ፦ «አይ ዎርክድ አዝ ካሸር ፎር ቱ ይርስ፣ ኤንድ አዝ ዩ ኖው፣ ኧ ካሸር ማስት ቢ ኬርፉል።»

መልስ፦ የከዚራ መምህር

ጎበዝ። ስታስተካክዪ «ኧ» ወደቀችብሽ፤ መጀመሪያ የጻፍሽው ላይ ነበረች። «አዝ ኧ ካሸር» ነው። አማርኛ «ኧ»ን ስለማያውቃት ከ«አዝ» ኋላ ቶሎ ትጠፋለች። ሁለተኛው ግማሽ ጥሩ ነው፣ አትንኪው። ቀኑን ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፍሽን አረጋግጪ።

የሳቢያኗ

«ኧ»ን መለስኳት። ቀኑን በእኛ ነበር የጻፍኩት፣ እሱንም ቀየርኩት። ነገ ጠዋት ከዚራ ሄጄ ፕሪንት አስደርጌ አስገባለሁ።