የመኪና ብድር ሳወዳድር ክሬዲቴ እንዳይጎዳ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ አሜሪካ ውስጥ መኪና በብድር የገዛችሁ እባካችሁ አስረዱኝ። ያገለገለ ካምሪ ልገዛ ነው። ሻጩ «ሶሻልህን (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን) ስጠኝ፣ ለሁሉም ባንክ ልላክልህ» እያለ ወጥሮ ይዞኛል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየኖችን (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበራትን) ወለዳቸውን ጠይቄ ባወዳድር ነው የምመርጠው። አዲሱ የፋይኮ (የክሬዲት ነጥብ ማስያ) አቆጣጠር በ45 ቀን ውስጥ የተጠየቁ የመኪና ብድሮችን እንደ አንድ ይቆጥራል፣ የድሮው ግን 14 ቀን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ሁሉንም በሁለት ሳምንት ልጨርስ ብያለሁ። ጣጣው አንዱ አበዳሪ ያቀረበልኝ የግል ብድር መሆኑ ነው፣ እሱ ከመኪናዎቹ ጋር አይጠቃለልም። ነጥቤን ሳይነኩ ወለዱን ቀድመው የሚነግሩትን አበዳሪዎች እንዴት ልለያቸው? ምን ብዬ ልጠይቅ? ሻጩስ፣ ሶሻሌን ካልሰጠሁት መኪናውን አይሸጥልኝም እንዴ?