ክርክር፦ የሰሜን ተራሮች ጎብኚ እስከ ጨነቅ በመኪና ይግባ ወይስ ከሳንቃበር በእግሩ ይሂድ?

ጥያቄው፦ ከደባርቅ የሚነሳው ጥርጊያ መንገድ በሳንቃበር ሰፈር አድርጎ ፓርኩ ውስጥ እስከ ጨነቅ ሰፈር ይዘልቃል፤ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮም ወደ ጃናሞራ ወረዳ ይወርዳል። የጎብኚ መኪና ሳንቃበር ላይ ይቁም የሚሉ አሉ። እናንተስ?

ጅብራ፦ ይቁም እንጂ! ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። ዋልያው ተመናምኖ፣ እርሻውና መንገዱም ገፍቶበት ነው። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ጨነቅ ደግሞ ዋናው የዋልያ ሰፈር ነው፤ ጡሩንባና አቧራ እዚያ ምን ይሠራል?

የጃናሞራ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ያ መንገድ ለእኛ እህል የሚመጣበት፣ ወላድ የምትወሰድበት ነው። ዛሬ ለጎብኚ ከተዘጋ ነገ ለእኛም መዘጋቱ አይቀርም። አዛውንትና ሕፃንስ ተራራውን አይዩ?

ጅብራ፦ የነዋሪው መኪና ይለፍ፤ እኔ የምለው ስለ ጎብኚው ብቻ ነው።

ሐኪም፦ እኔ የምፈራው ከፍታውን ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ጨነቅ 3,620። በመኪና ወጥቶ እዚያው አድሮ በማግስቱ ቧሂት (4,430) ልውጣ የሚል ሰው ሰውነቱ ለመልመድ ጊዜ አላገኘም። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ቦታው ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ሳንቃበር (3,250)፣ በመካከል ባለው የግጭ ሰፈር (3,600)፣ ከዚያ ጨነቅ ማደር ይህን ያሟላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ባለበት ይረፍ፣ ወደ ላይ አይቀጥል። ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ወደ ራስ ዳሸን የሚሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከቧሂት ማዶ ባለችው አምቢቆ መንደር የታመመ ሰው መሸሃ ወንዝ ድረስ መውረድ ይችላል፣ ወደ ደባርቅ ለመመለስ ግን 4,200 ሜትር ገደማ የሆነውን የቧሂት በር (የተራራውን መሻገሪያ) እንደገና መውጣት አለበት።

ጫኝ፦ በእግር ይሁን ከተባለ ስንቁም ይታሰብበት። እንጨት መልቀም ክልክል ነው፤ የደጋው ዛፍ አስታ ተቆርጦ ቶሎ አይተካም። የላምባ ምድጃ ይያዝ። ግጭ ላይ ውኃ በ88 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ክክ በቀላሉ አይበስልም፣ ነዳጅ ይጨርሳል፤ በሶና ቆሎ ይሻላል። የወንዝ ውኃ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንፈቅፈቅ። ውሻ ማስከተል ደግሞ አይታሰብ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይፈጃል።

የጃናሞራ ልጅ፦ እሺ፣ ግጭ ላይ የታመመውን ማን ያወርደዋል? መኪናው ሳንቃበር ቆሟል።

ጫኝ፦ ጭነት የማይጫንባት አንዲት የግልቢያ በቅሎ ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር ትሂድ።

ሐኪም፦ የሚንገዳገድ ሰው በቅሎ ላይ አይረጋም። ግጭና ጨነቅ ላይ ቃሬዛና ተሸካሚ ሳይዘጋጅ መኪናውን ሳንቃበር ማቆሙን አልደግፍም።