ቁንዱዶ አናቱ ላይ ያለው ሜዳ የማን ነው?

የጉርሱም ልጅ
ከዚራ የተባለው አባል ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ ሐረር አጠገብ ስላለው የጉርሱሙ ቁንዱዶ ተራራ የጻፈውን ካነበብኩ ወዲህ ውስጤ እየተቃጠለ ነው። «ቁንዱዶ አናቱ ባዶ ሜዳ ነው፤ በሽቦ አጥሮ ለዱር ፈረሶቹ መተው፣ አስፋልቱን እስከ ላይ መሳብ፣ ሎጅ መሥራት ነው» ነው ያለው። ስንቱ ሰውም ላይክ አድርጎለታል። ባዶ ያልከው ሜዳ ላይ እኔ ከብት ጠብቄ ነው ያደግኩት። በጋ ላይ ታች ያለው ሣር ሲያልቅ የአካባቢው ከብት የሚወጣው እዚያ ነው። ሽቦ ከታጠረ ያ ከብት የት ይሂድ? ይህን ሳትመልስ ስለ ሎጅ ማውራት አይገባህም።

ከዚራ
አቦ ወንድሜ፣ ሰው ይፈናቀል አላልኩም። ባዶ ያልኩት ቤት የለበትም ለማለት ነው። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ማንም ያልገራው ፈረስ። ከናሚብ በረሃ ሌላ አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈረስ ስንት ቦታ አለ? ናሚቢያዎች በረሃው መሀል ውሃ አዘጋጅተው፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያይበት ቦታ ሠርተው እንግዳ ያስተናግዳሉ። የኛዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆነዋል። ከብቱ እነሱ የሚግጡትን ሣር ነው የሚግጠው። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ፈረሶቹን የጨረሳቸው ከብታችሁ ነው።

የጉርሱም ልጅ
«ከብታችሁ ነው የጨረሳቸው»? ከብትና ፈረስ እዚያ ሜዳ ላይ አብረው የኖሩት ከአያቴ በፊት ጀምሮ ነው። ፈረሶቹን ያሳነሳቸው ውርንጭላቸውን በገመድ እየያዘ ለጭነትና ለጋሪ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ለማዳ ባዝራ አውጥቶ እየለቀቀ ዝርያውን የሚቀላቅልም አለ። ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች መውጫዋ ጠበብ የምትልበት ቦታ ላይ ገመድ ይዘው ቁጭ አሉ። መንጋው ደንብሮ ሲያልፍ አንዷ ውርንጭላ ወደኋላ ቀረች፤ አንገቷ ላይ ጣሉባት። እናቷ እየተመለሰች ስታሽካካ ዋለች። ያን ቀን እዚያ የነበረ ላም ምን አጠፋ?

ከዚራ
የነገርከኝ እኮ የኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። አጥርና ጠባቂ ቢኖር ያ ገመድ ይዘረጋ ነበር?

አስጎብኚ ዘጀጎል
እኔ ሥራዬ ስለሆነ ልናገር። ሐረር የሚመጣው እንግዳ በአብዛኛው የሚያድረው አንድ ሌሊት ነው። ጀጎልን ይዞራል፣ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ያያል፣ ሸሪፍ ሙዚየም ይገባል፣ ማታ ጅብ ያበላል፣ ጠዋት ወደ ድሬ ኤርፖርት። ከተማችን ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ከሰፈረች ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድም በ2016 ተመዝግቦ፣ ይህ አልተለወጠም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን የሚያቆየው ተራራ ነው፤ በዚህ ከከዚራ ጋር ነኝ። አስፋልቱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። መኪና አናቱ ድረስ ከወጣ እንግዳው ጠዋት ከሐረር ተነሥቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ለምሳ ሐረር ይመለሳል። የጉርሱም ከተማ ፉኛን ቢራ ላይ ሻይ እንኳ አይጠጣም። በእግሩ ከወጣ በቅሎ ይከራያል፣ መንገድ መሪ ይይዛል፣ ምግብ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፣ ታች መንደር ያድራል። ገንዘቡ ገበሬው እጅ የሚገባው በእግሩ ሲወጣ ነው።

ለገሃሬ
ጋይድ ትክክል ብለሃል። ሽማግሎቹ እነዚያ ፈረሶች ከግራኝ ጦር የተረፉ ናቸው ይላሉ አይደል? ይህን ታሪክ እንግዳው በእግሩ እየወጣ ቢሰማው ምን ያህል ያምር ነበር።

ሸዋ በር
ወንድሜ፣ እዚህ ሐረር ኢማም አህመድ ነው የምንለው። በሰው ቤት እንግዳ ስትሆን የቤቱን አጠራር አክብር።

ለገሃሬ
እሺ እህቴ፣ ኢማም አህመድ። ታሪኩ ግን አንድ ነው።

ሸዋ በር
አንድ አይደለም፤ ግን ይህን እዚህ አንጨርሰውም። ስለ አጥሩ ልናገር። ከዚራ አሁንም «ባዶ» ያልከውን አላነሳህም። ቤት የለበትም ማለት ባለቤት የለውም ማለት ነው እንዴ? የኛ የጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የአዋቾች፣ የቅዱሳን አባቶቻችን፣ አጸድም ሰው አያድርበትም፤ ባዶ ነው ብሎ የሚደፍረው ግን የለም።

መምህር
ልጆች፣ ታግሣችሁ አንብቡኝ። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ስትሄዱ የምታገኙት የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ በ1962 ዓ.ም. ሲከለል ወረቀት ላይ የተሰጠው ስፋት 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ውስጡ ሰፈር ተሠርቷል፣ ማሳ ታርሷል፣ ደኑ ለከሰል ተቆርጧል። ዝሆኑ ሌሊት ማሽላውን ይገባበታል፤ ገበሬው ያለቀሰበትን ዝሆን ደግሞ ሌላው ለጥርሱ ብሎ ይገድለዋል። ካርታውን የሠሩት ሰዎች እዚያ የሚኖረውን ሰው አልቆጠሩትም ነበር። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ድንበሩን የሚያከብርበት ምክንያት የለውም። ቁንዱዶን በሽቦ ማጠር ማለት ባቢሌን በትንሹ መድገም ነው፤ ልዩነቱ ዝሆኑ ማሳ ገብቶ ራሱን ያስታውሳል፣ ጥቂቶቹ ፈረሶች ግን አንድ ክረምት ቢጠፉ የሚያውቅ የለም።

ከዚራ
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ንጽጽሩ ግን አልተስማማኝም። ባቢሌ ሁለት ክልል ላይ የተዘረጋ ሰፊ ምድር ነው። ቁንዱዶ ገደል የከበበው አንድ ተራራ ነው። መውጫዎቹ ይታወቃሉ፤ ጠባቂ ቢቆም ይበቃል።

መምህር
ልጄ፣ መውጫዎቹን የሚያውቀው ማን ነው? ያ ከብት ጠባቂ ነው። በሽቦ ካስወጣኸው ማን ይጠብቅልሃል?

ሳቢያን
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ክርክሩ ሁሉ ሐረርና ጉርሱም ሆነ። ድሬ ራሷ ደጃፍ ላይ ያለውን ማን አነሳ? ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከከተማው በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ወንዝ በላይ ገደሉ ላይ ነው ያለው። በፈረንጆቹ 1929 ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ አገኙት፣ በ1933 ተቆፈረ፣ የጥንት ሰው መንጋጋ ወጣበት። ለቀለም የሚፈጭ ቀይ ድንጋይ ብቻ 4,213 ቁራጭ፣ 40 ኪሎ ያህል ተገኝቷል፤ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ግድም። ቁሱ አዲስ አበባ ሙዚየም ነው። ስንት የድሬ ልጅ ነው ዋሻውን የረገጠው? ለጋ ኦዳ ደግሞ አለ፤ አለቱ ላይ ከብቶችና ላታቸው የሰባ በጎች ተሥለው። ባለፈው ስሄድ ከአንዲት ላም ሥዕል አንድ ስንዝር እንኳ በማይርቅ ቦታ ላይ በከሰል ስም ተጽፎ አየሁ፤ ከስሙ ሥር ስልክ ቁጥር። የከሰሉ ዱቄት ወደ ላሟ እግር ፈስሷል። ፈረስ ከማጠራችን በፊት ይህን እናጽዳ።

ሸዋ በር
ማጽዳት አይደለም! ሳታውቁ በውሃ አትንኩት፤ ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። ባለሙያ ነው የሚነካው።

ሳቢያን
ይህንማ አውቃለሁ እህቴ። የምለው ድሬ ሁልጊዜ የሐረር ኤርፖርት ብቻ ሆና መቅረቷ ያማል ነው።

አስጎብኚ ዘጀጎል
እንግዳ ይዤ ድሬ ስውልም የዋሻውን በር የሚከፍትልኝ ሰው ፈልጌ ግማሽ ቀን ያልፋል። ፈቃድ ከአንዱ ቢሮ፣ ቁልፍ ከሌላው። እንግዳው ተሰላችቶ ሆቴሉ ይመለሳል። ይህ ከአስፋልት በፊት የሚስተካከል ነገር ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የጉርሱም ልጅ
ሳቢያን፣ ስለ ለጋ ኦዳ ያነሳኸውን ልያዝ። አለቱ ላይ የተሣለው ከብት ነው። በዚህ አገር ሰው ከብቱን ይዞ ተራራ ሲወጣ ሲወርድ የኖረው ከሥዕል ሣዮቹ ዘመን ጀምሮ ነው። ታዲያ ከዚራ፣ የተሣለውን ላም ቅርስ ብለን በሕይወት ያለችውን ላም ከተራራ እናባርራት ነው የምትለው? ከብት ጠባቂው ራሱ እንግዳው ሊያየው የሚመጣው ነገር አካል ነው።

ከዚራ
ይህ ልብ ይነካል፤ ልብ የነካ ነገር ግን ሣር አያበቅልም። ፈረሶቹ እንዲተርፉ ትፈልጋለህ አትፈልግም? ከፈለግህ ያለ ሽቦ እንዴት እንደሚተርፉ ንገረኝ።

የጉርሱም ልጅ
እነግርሃለሁ። ክረምት ላይ ታች ሣር ስላለ ከብት ላይ የሚወጣበት ምክንያት የለም፤ ሽማግሎቹ ተሰብስበው እስከ ጥቅምት ይዘጋ ካሉ ይዘጋል፤ ቃላቸው ከሽቦ ይጠነክራል። ባዝራ አውጥቶ የለቀቀ ይቀጣል። ውርንጭላ የያዘ ለሽማግሌ ይቀርባል። ጠባቂዎቹ ከእነዚያው ከብት ጠባቂ ልጆች መሀል ይሁኑ፣ ደመወዛቸው ደግሞ እንግዳው ከሚከፍለው ይውጣ። ሎጁ ታች፣ ፉኛን ቢራ አጠገብ ይሠራ፤ የአካባቢው ሰው ለውዙንና ወተቱን እዚያው ይሸጣል።

መምህር
ይህ ሐሳብ ወረዳው ፊት መቅረብ አለበት።

ከዚራ
እንግዳ ሳይመጣ ደመወዝ ከየት ይመጣል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ማን ይከፍላል? ሽማግሌ ቃል የሚሰጠውም ድርቅ እስኪመጣ ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት ከብቱ እየሞተበት ሜዳውን የሚተው ሰው የለም፤ እኔም ብሆን አልተውም።

የጉርሱም ልጅ
በድርቅ ዓመትማ ይከፈታል። አብሮ መኖር ማለት ያ ነው።

ከዚራ
ፈረሱ በጣም የሚጎዳውም በዚያው ዓመት ነው እኮ!

ለገሃሬ
ግማሹን ማጠር አይቻልም? ምንጩ ያለበትን ወገን ለከብት፣ ሌላውን ለፈረስ።

የጉርሱም ልጅ
ምንጩን ለይተህ የምትሰጠኝ አንተ ማን ሆነህ ነው ለገሃሬ? ቁንዱዶን ወጥተኸዋል?

ለገሃሬ
አልወጣሁም። መውጣት እፈልጋለሁ።

ሳቢያን
ጋይዱ ያነሳውን የፖርክ ኤፒክ በር ቁልፍ ጉዳይ ግን አሁንም ማንም አልመለሰም።