የመኪና ሾክ መሞቱ በምን ይታወቃል? መካኒኩ አራቱንም ቀይሪ ብሎኛል

ባለያሪሷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ያሪስ ነው፣ የ2007 ሞዴል፣ እዚሁ አዳማ። ሰሞኑን ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ ከፊት በቀኝ በኩል ቋ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ፓራፋንጎውን ሁለቴ ጫን ጫን አደረገና «ሾኮቹ ሞተዋል፣ አራቱንም ቀይሪ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ከሥር እንኳን አላየም። የጠራልኝን ዋጋ አልነግራችሁም፣ ደሜ ይፈላል።

ባለቤቴ ደግሞ «ድምፅ ስለሰማሽ ብቻ ሾክ አይቀየርም» ይለኛል። ታዲያ ከምንድነው ስለው መልስ የለውም። ሌላው ነገር፣ በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ የንፋስ ማመንጫዎቹ የሚታዩበት አካባቢ ላይ መኪናው ወደ ጎን ይገፋብኛል፣ መሪውን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ነው የማልፈው። ይሄም ከሾክ ነው? ራሴ አይቼ የምለየው ነገር ካለ ንገሩኝ፣ ከዚያ በኋላ ጋራዥ ብሄድ ይሻለኛል።

የሞጆ ልጅ፦
ያ ንፋስ እንኳን ያሪስ አይሱዙም ይገፋል እህቴ ሃሃ። ግን ከሥር ሳያይ አራቱንም ቀይሪ ያለሽ ሰውዬ ጋ እንዳትመለሺ።

ካቻቢቴ፦
መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፣ ሾኩ አይደለም። የሾክ ሥራ የሞላውን መንጠር ማብረድ ነው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ያልፋል፣ መንጠሩም በዚያ ይሞታል። ስለዚህ መኪናው በአንድ በኩል ዝቅ ብሎ ከቆመ መጀመሪያ ሞላውን ጠርጥሪ።

በድምፁ ጉዳይ ባለቤትሽ ልክ ነው። በቀስታ ሲነዳ ኮብልስቶን ላይ ቋ ቋ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፣ መኪናው እንዳይዘም የሚይዘውን ብረት ከሾኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፤ ካልሆነም ጎሚኒ (በብረቶች መጋጠሚያ መሀል ያለው ላስቲክ) ወይም ሾኩ ከላይ የሚታሰርበት ላስቲክ። ሞቶ ድምፁን ያጠፋ ሾክ ደግሞ ሞልቷል። ደልዳላ ቦታ አቁሚና መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሪ፣ ሞተሩን አጥፊ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ በስልክሽ መብራት የቀኙን ጎማ ጀርባ እዪ። ከላይና ከታች በብሎን የታሰረ፣ የጣት ውፍረት ያለው ዘንግ ታገኛለሽ። ሊንኩ እሱ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ ከተቀደደ፣ ወይም ባለቤትሽ መኪናውን ከላይ ሲያወዛውዝ በእጅሽ ይዘሽው ሲንኳኳ ከተሰማሽ ቋ ቋ የሚለውን አገኘሽው ማለት ነው። ዋጋውም ከሾክ ጋር አይወዳደርም።

እዚያው ሳለሽ ሾኩንም እዪው። የአዳማ አቧራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ከላይኛው ጫፍ አካባቢ ብቻ አቧራ በስሱ ለጠፍ ያለበት ከሆነ ላብ ነው፣ ላብ ችግር የለውም፣ ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ ትንሽ ዘይት ይዞ ይወጣል። ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ፣ አቧራው ጭቃ ሆኖ እስከ ግማሽ ከደረሰ፣ ስትነኪውም ጣትሽ ከረጠበ ግን አልቆለታል። ከተጠራጠርሽ በጨርቅ ጥርግ አድርጊውና ሳምንት ያህል ነድተሽ እንደገና እዪው። ደረቅ ከሆነ ተዪው።

ፓራፋንጎ መጫኑን በተመለከተ፣ ያ ፈተና የሚይዘው ጨርሶ የሞተውን ብቻ ነው። ለቀቅ ስታደርጊው ወጥቶ፣ ትንሽ ወርዶ ቀጥ ማለት አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ሞቷል። ካልዘለለ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ ግማሽ የደከመ ሾክ በእጅ ግፊት አይጋለጥም። እና አንዱን ጥግ ብቻ ተጭኖ ስለ አራቱም መናገር ከየት የመጣ ነው?

የዶልፊን ሹፌር፦
ካቻቢቴ ጥሩ ብሏል፣ እኔ ከመንዳት በኩል ልጨምር። የምሠራው አሰላ መስመር ነው። ሾክ ሲደክም መጀመሪያ የሚነግርሽ ፍሬን ነው። ፍሬን ስትይዢ አፍንጫው ድፍት ይላል፣ ስትለቂው ደግሞ ቀና ብሎ ይንገዋለላል። ጠመዝማዛ ላይ ሰው ሞልቼ ስሄድ ሾኩ ደህና ከሆነ መኪናው አንዴ ዘመም ብሎ ይቆያል፣ ከደከመ ግን እንደ ጀልባ ይዋልላል፣ ተሳፋሪውም «ሹፌር ቀስ!» ማለት ይጀምራል።

አንድ ዘዴ ላሳይሽ። ኮረኮንች ላይ ደህና አድርገሽ ነድተሽ እንደቆምሽ የአራቱንም ሾክ አካል በእጅሽ ጀርባ ነካ ነካ አድርጊ። የሚሠራ ሾክ ይሞቃል፣ ምክንያቱም መንጠሩን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ እሱ ሥራ አቁሟል። ግን ተጠንቀቂ፣ የፍሬን ዲስኩን ከነካሽ ቆዳሽ ይላጣል፣ አስፋልት ላይ ብቻ ከነዳሽም ብዙ ልዩነት አታገኚም።

ይሄን ለሚያነብ የሚኒባስ ሰው ደግሞ፦ የዶልፊን ኋላ ባሌስትራ ነው፣ ተደራርቦ የታሰረ የብረት ዝርግ ሞላ ማለት ነው። ባሌስትራ እርስ በርሱ ስለሚፋተግ ራሱም መንጠሩን ያበርዳል። ተጭነህ አልዘለለም ብለህ ሾኩን ጤነኛ አትበል።

አሮጌ ኮሮላ፦
ጎማስ? መዳፍሽን ጎማው ላይ ዙሪያውን አስኪጂው። ጎድጎድ ከፍ ጎድጎድ ከፍ የሚል ከሆነ ጎማው መሬት ላይ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ባላንስም እንደዚህ ሊያደርግ ይችላል፣ ስለዚህ ባላንስ አሠርተሽ ሁለቱን ለዪ።

እኔ ግን አዲስ መግዛት ላይ አልስማማም። ዘይት ሞልተው የሚያድሱ አሉ፣ በሩብ ዋጋ። ያገለገለ የጃፓን ዕቃም ከፎርጅድ አዲስ ይሻላል።

ካቻቢቴ፦
በሁለተኛው እስማማለሁ፣ ግን ያገለገለው ሲሸጥልህ ቁመህ ፈትነው። ዘንጉን ተጫነው፣ እኩል እየከበደ መግባት አለበት። መሀል ላይ ባዶ የሚሆንበት ቦታ ካለ መልሰው። ማደስ ላይ ግን አልስማማም ወንድሜ። አብዛኛው ሾክ የሚፈታ ዕቃ አይደለም፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ የዛሬዎቹ ደግሞ ውስጣቸው የታመቀ ጋዝ አላቸው። በስተህ ዘይት ስትሞላ ጋዙ ወጣ። ዘይቱ ሲመታ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ምንም አይዝም። ያለቀው ሲል፣ ማለትም ዘንጉ በሚወጣበት በኩል ዘይቱን የሚያሽገው ላስቲክም እዚያው አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ይፈሳል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም፣ በፈጣን መንገዱ በ100 ስትሄድ ድንገት ፍሬን ስትይዝ ነው የሚገባህ።

እህቴ፣ ንፋሱን ረስቼው ነበር። መገፋቱ ራሱ ከሾክ አይደለም፣ መኪናው ቀላል ነው። ዋናው ነገር ከተገፋ በኋላ ያለው ነው። አንዴ ተገፍቶ ቀጥ ካለ ደህና ነው። ግራ ቀኝ ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘ ሾክ ነው። የጎማ ንፋስም እዪ፣ ልኩ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተጽፏል።

ባለያሪሷ፦
እግዜር ይስጣችሁ! አየሁት። የቀኙ ሊንክ ላስቲኩ ተቀዶ ቅባቱ አልቋል፣ በእጄ ስይዘው ተንኳኳ። የፊት ሾኮቹ ሁለቱም ደረቅ ናቸው። የኋላ ግራው ግን እስከ ታች ጭቃ ነው፣ ጠርጌው እንደገና ረጠበ። በዚያ በኩል ጎማውም ጎድጎድ ይላል። ያን አንዱን ብቻ ልቀይረው ወይስ?

ካቻቢቴ፦
ብቻውን አይሆንም። ግራው አዲስ ቀኙ አሮጌ ከሆነ መኪናው ፍሬን ላይ ሚዛኑን ያጣል። የኋላ ሁለቱን ቀይሪ፣ የፊቶቹን ተዪያቸው። አንዳንድ አምራቾች 80,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አስመርምሩ ይላሉ፣ በእኛ መንገድ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ማየት ነው። የያሪስ ኋላ ሾኩና ሞላው ለየብቻ ስለሆኑ ሥራው ቀላል ነው፣ የፊቱ ቢሆን ሞላ መጭመቂያ ያስፈልግ ነበር።

ሲሠሩት እዚያው ቁሚ። የሚያብለጨልጨውን ዘንግ በፒንሳ የሚይዝ ካየሽ አስቁሚው፣ ትንሽ ከተቧጨረ ሲሉን ይቆርጥና አዲሱም ይፈሳል። ከመግጠሙ በፊት አዲሱን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ጥቂት ጊዜ ይጫነው ይልቀቀው፣ ተጋድሞ የቆየ ስለሆነ አየሩ ይውጣለት። የታችኛውን ብሎን መጨረሻ የሚያጠብቀው ደግሞ ክሪኩ ወርዶ መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይሁን፣ አለበለዚያ ጎሚኒው ተጠማዞ ይታሰርና ቶሎ ይቀደዳል።

የሞጆ ልጅ፦
ሊንኩንም በጥንድ ግዢው፣ የግራውም ዕድሜው ያው ነው።