ጥገናው በቀናት፣ ጨረታው በወራት፦ የእንግሊዝ ማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች ውድድርን ሊዘልሉ ይገባልን?

አወያይ፦
በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች፣ ማለትም ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) እና ሃውዚንግ አሶሲዬሽኖች (ለትርፍ ያልቆሙ የቤት አከራይ ማኅበራት)፣ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ «የአዋብ ሕግ» በሚባለው ደንብ ይገደዳሉ። አዋብ ኢሻክ በ2020 መጨረሻ ላይ ሮችዴል ውስጥ በሁለት ዓመቱ የሞተ ሕፃን ሲሆን፣ የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ኮሮነር በኖቬምበር 2022 ሞቱን በቤቱ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ከቆየው ሻጋታ ጋር አያይዛዋለች። በደንቡ መሠረት አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርምሮ መወገድ አለበት፤ ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ ጉዳት ደግሞ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ተመርምሮ፣ ምርመራው ካለቀ በኋላ ባሉት 5 የሥራ ቀናት ቤቱ ከአደጋ ነፃ እንዲሆን ያስፈልጋል። እነዚሁ አከራዮች ግን በአብዛኛው ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የ2023ቱ የግዥ ሕግም ይተዳደራሉ፤ የአንድ ትልቅ ጨረታ ዝግጅትና ግምገማ ወራት እንደሚወስድም የታወቀ ነው። ታዲያ አከራዩ የጥገናውን ቀነ ገደብ ለማክበር ሲል ውድድርን እንዲዘልል ሊፈቀድለት ይገባል ወይ?

ተከራይ፦
ይገባል። ከሦስት ዓመት በፊት በመኝታ ቤታችን ቁም ሣጥን ጀርባ የጀመረው ጥቁር ነጠብጣብ፣ ሣጥኑን ስንስበው እስከ መስኮቱ ደፍ ደርሶ አገኘነው። የአከራዬ ሠራተኛ መጥቶ በትንሽ መለኪያ ግድግዳውን ወጋ አደረገ፣ መለኪያው ጮኸ፣ እሱም ቁጥሩን ጽፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ በስልክ የሚሰጠኝ መልስ «ከአዲሱ ተቋራጭ ጋር ውል እስክንፈርም ይታገሡን» የሚል ብቻ ነበር። ልጄ ሌሊት ሌሊት እያሳለች እኔ የምጠብቀው የጨረታ ኮሚቴን ውሳኔ ከሆነ፣ ሕጉ የተጻፈው ለማን ነው? ሐኪም ቤት የደረሰ በሽተኛ የመድኃኒት ጨረታ እስኪከፈት ጠብቅ አይባልም።

የግዥ ባለሙያ፦
እህቴ፣ የደረሰብዎትን ማንም ሰው ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ጨረታውን የዘገየው ነገር ምክንያት አድርገን ከወሰድነው የተሳሳተውን በር እያንኳኳን ነው። የአዋብን ጉዳይ ራሱን እንመልከት። አባቱ ስለ ሻጋታው መጀመሪያ ያመለከቱት በ2017 ሲሆን የተሰጣቸው መልስ «ቀለም ይቀቡበት» የሚል ነበር፤ በኋላም በ2020 በጠበቃ በኩል ካሳ ሲጠይቁ አከራዩ የጠበቆቹ ስምምነት እስኪደረስ ድረስ ጥገናውን አቆየው። በዚያ አሳዛኝ ታሪክ ውስጥ ጨረታ አንድም ቦታ የለበትም። የዘገየው የሚሰማ ሰው ነው።

የግዥ ሕጉ ለአስቸኳይ ጊዜ ቀጥታ ግዥን፣ ማለትም ያለ ውድድር ውል መስጠትን፣ አይከለክልም። ቀጥታ ግዥ የሚፈቀደው ግን ጥድፊያው እጅግ የበረታና የማይቀር ሲሆን፣ በአከራዩ ድርጊት ወይም ቸልተኝነት ያልመጣና አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ሲሆን ነው። በእንግሊዝ በየኅዳሩ የሚመጣን እርጥበት «ድንገት ደረሰብኝ» ብሎ ዳኛ ፊት የሚቆም አከራይ ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

ተከራይ፦
ታዲያ ውል የሌለው አከራይ በአርብ ማታ ምን ያድርግ ነው የምትለን?

የግዥ ባለሙያ፦
አርብ ማታ ሳይደርስ ውሉን ይያዝ ነው የምለው። በምሠራበት ቦታ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ በአንደኛው አምድ የአደጋው ዓይነት፣ በሁለተኛው የተሰጠው ጊዜ፣ በሦስተኛው ሥራውን የሚወስደው ተቋራጭ ተጽፏል። ሠንጠረዡ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለው የሦስተኛው አምድ ክፍል ባዶ ነበር። ያንን ባዶ ቦታ የሞላነው ጨረታን በመዝለል ሳይሆን የማዕቀፍ ስምምነት በማውጣት ነው፤ ተቋራጮቹ አስቀድመው ተወዳድረው፣ ዋጋቸውና የምላሽ ሰዓታቸው ተስማምተው ስለሚገቡ፣ አደጋው ሲደርስ የቀረው ሥራ ትእዛዝ መስጠት ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ አዲሱ ሕግ «የታወቀ ስጋት» የሚል መንገድ ከፍቷል፦ አከራዩ የእርጥበቱ ሥራ ከተገመተው ሊበልጥ እንደሚችል በጨረታ ሰነዱ አስቀድሞ ከገለጸና ስጋቱ እውን ከሆነ፣ የውሉን ዋጋ ከ50 በመቶ በማይበልጥ መጠን አሻሽሎ ሥራውን ሊያስቀጥል ይችላል። ይህንን መንገድ ሳይጠቀሙ «ሕጉ እጄን አሰረ» ማለት አግባብ አይመስለኝም።

አነስተኛ ተቋራጭ፦
ስለ ማዕቀፍ ስምምነት የተነገረው ከትልቅ ድርጅት መስኮት የታየ ነው። እኔ አራት ሠራተኞች አሉኝ፤ የሻጋታ ማጽዳት፣ የአየር ማስወጫ መግጠምና ልስን ነው ሥራችን። የመሙያ ቅጹ፣ የመድን ሽፋኑ መጠንና የቀደሙ ሥራዎች ማስረጃ ተደምረው ወደ ማዕቀፉ ስለማያስገቡኝ፣ በመጨረሻ ለትልቁ ተቋራጭ ንዑስ ተቋራጭ ሆኜ እዚያው ቤት እገባለሁ። ተከራይዋ የምትጠብቀው ሰው እኔ ነኝ፤ በመካከላችን ግን ሁለት የትእዛዝ ቢሮዎች ይቀመጣሉ። አንድ አፓርታማ ውስጥ ያለ ሥራ ጥቂት ሺህ ፓውንድ ነው፤ በ2024 እና በ2025 ለግንባታ ሥራ የነበረው፣ ውሉ ከእሱ ሲበልጥ የግዥ ሕጉ ሙሉ ጨረታ የሚጠይቅበት የገንዘብ ወሰን ደግሞ 5,372,609 ፓውንድ ነበር። ከወሰኑ በታች ያለውን ሥራ ለቅርብ ተቋራጭ በቀላሉ መስጠት ሲቻል ለምን ትልቅ ጨረታ ይደገሳል?

የግዥ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ነጥብዎ ልክ ነው፤ የማዕቀፎቹ መግቢያ ትንንሾችን ይገፋል፣ ይህም መታረም ያለበት ነው። ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው። ሃያ ሺህ ቤት ያለው አከራይ በየዓመቱ የሚገዛው ተመሳሳይ ጥገና ሲደመር ከወሰኑ በላይ ይሄዳል፤ እያንዳንዱን አፓርታማ ለየብቻ ቆጥሮ ከሕጉ ለማምለጥ መሞከር ግዥን መከፋፈል ነው፣ ሕጉም ይህንን የሚከለክል ድንጋጌ አለው። ለትንንሽ ተቋራጮች መፍትሔው ሥራውን በአካባቢ ከፍሎ በግልጽ ማጫረት ነው፤ ሕጉ አከራዩ ግዥውን በክፍል በክፍል ማውጣት ይችል እንደሆነ እንዲመረምር ያስገድደዋል።

የሊዝ ባለቤት፦
እስካሁን ማንም ያላነሳው ጉዳይ አለ፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው? በዚያው ሕንፃ ውስጥ ቤቱን በረዥም ሊዝ፣ ማለትም ለብዙ ዓመታት በገዛሁት የይዞታ መብት፣ የያዝኩ ሰው ነኝ። የአዋብ ሕግ ለእኔ አይሠራም፤ ጣሪያው ሲጠገን ግን ድርሻዬ በሰርቪስ ቻርጅ (ለሕንፃው የጋራ ወጪ በምንከፍለው መዋጮ) ይመጣል። በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ መሠረት ለአንድ ሥራ ከእያንዳንዳችን ከ250 ፓውንድ በላይ የሚሰበሰብ ከሆነ አከራዩ አስቀድሞ ሊያማክረን ይገባል፤ ምክክሩ ደግሞ ሠላሳ ሠላሳ ቀን የሚፈጅ ደረጃ አለው። አከራዩ በችኮላ ስም ጨረታውንም ምክክሩንም ቢዘልል ተወዳዳሪ ያልነበረውን ዋጋ የምከፍለው እኔ ነኝ። ጥገናው እንዲዘገይ አልፈልግም፤ ነገር ግን ጥድፊያ የዋጋ ማጣሪያ አይደለም።

አነስተኛ ተቋራጭ፦
ለጊዜው የሚደረግ ጥገናና ጣሪያ መቀየር ግን አንድ አይደሉም።

የሊዝ ባለቤት፦
አንድ አይደሉም፤ ሰነዱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይጻፋሉ። ጭንቀቴም እሱ ነው።

ተከራይ፦
የሊዝ ባለቤቱ አባባል ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። የምክክሩን ግዴታ እንዲህ ያሉ ክርክሮችን የሚያየው የዳኝነት አካል ሊያነሣ ይችላል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2013 በሰጠው ፍርድ ዋናው ጥያቄ ምክክሩ በመቅረቱ ባለ ሊዞቹ ተጎድተዋል ወይ የሚለው መሆኑን አስረድቷል። ስለዚህ በዚህ በኩል ለአስቸኳይ ጊዜ መውጫ በር አለ። በግዥ ሕጉ በኩል ግን በሩ የጠበበ መሆኑን አሁን ተረዳሁ፤ ጠባብነቱ ተገቢ መሆኑን ግን ገና አላመንኩም። አከራዬ ለዓመታት ውል ሳያዘጋጅ ቢቀመጥ፣ ጥፋቱ የእሱ ስለሆነ ቀጥታ ግዥ ይከለከላል። የተከለከለው እሱ ነው፣ የምታስለው ግን ልጄ ናት። ይህ ፍትሕ ነው?

የግዥ ባለሙያ፦
ይህ ከቀረቡት ሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ላይ አቋሜን በከፊል አሻሽላለሁ። በተግባር ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ደንቡ በተሰጠው ጊዜ ቤቱን ከአደጋ ነፃ ማድረግ ያልቻለ አከራይ ቤተሰቡን በራሱ ወጪ ተስማሚ በሆነ ሌላ መኖሪያ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል፤ ስለዚህ ውል አለመኖሩ ልጅዎን በሻጋታው ውስጥ ለማቆየት ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ደንቡ የኪራይ ውልዎ አካል ስለሆነ አከራዩ በፍርድ ቤት የሚያቀርበው መከላከያ «የሚቻለውን ሁሉ አድርጌአለሁ» የሚል ነው፤ ውል ሳያዘጋጅ የተቀመጠ ሰው ይህንን ለማስረዳት የሚቸገር ይመስለኛል። ሦስተኛ፣ የአንድ ቤት ትንሽ አስቸኳይ ሥራ ለብቻው ጨረታ የሚያስፈልገው አይደለም፤ ከላይ የተቃወምኩት ይህንን ልማድ አድርጎ ዓመታዊውን ግዥ በሙሉ በዚህ መንገድ ማካሄድን ነው። ቀጥታ ግዥ ከወሰኑ በላይ ሲፈጸም ደግሞ ማስታወቂያው በይፋ መውጣት አለበት፤ በተደጋጋሚ የሚያወጣ አከራይ ካለ ስሙ እየታየ ይሄዳል። ያንን ማስታወቂያ የቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቱ ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ ከ1,000 በላይ ቤት ያላቸውን አከራዮች በአራት ዓመት አንድ ጊዜ እየመረመረ ከሲ1 (ከሁሉ የተሻለው) እስከ ሲ4 (ከሁሉ የከፋው) ደረጃ የሚሰጠው እሱ ነውና።

አነስተኛ ተቋራጭ፦
ደረጃ የሚሰጠው ለአከራዩ ነው፤ ለተቋራጩስ? ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለሆነ ውል ቢያንስ ሦስት የአፈጻጸም መለኪያዎች ወጥተው ውጤታቸው በዓመት አንድ ጊዜ ለሕዝብ እንዲገለጽ አዲሱ ሕግ ያዝዛል። ከመለኪያዎቹ አንዱ «በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ስንት ቤት ተሠራ» እስካልሆነ ድረስ ግን የአከራዩ ሰዓት ሌላ፣ የተቋራጩ ሰዓት ሌላ ሆኖ ይቀራል።

የሊዝ ባለቤት፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ከእሱ ጎን ሌላ መለኪያ እንዲኖር እጠይቃለሁ፦ የመጀመሪያው ጥገና ከተደረገ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ሻጋታው ተመልሶ የመጣበት ቤት ቁጥር።

ተከራይ፦
ያንን ቁጥር ለማወቅ ነገ ለአከራዬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ውሉን ማን እንደያዘም አብሬ እጠይቃለሁ።