«ለክፉ ቀን ገንዘብ ማስቀመጥ» በፈረንሳይኛ እንዴት ይባላል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፣ ከሊዮን

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በሊዮን ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ማድ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የፈረንሳይኛ የጽሑፍና የቃል ፈተና አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ደመወዝ በገባበት ዕለት ሽንኩርት እየላጥን ሳለ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ኢል ፎ ጋርዴ ዩን ፗር ፑር ላ ስዋፍ» አሉኝ። ቃል በቃል ስፈታው «ለጥማት አንድ ፒር ማስቀረት ያስፈልጋል» ሆነብኝና የሚያወሩት ስለ ፍራፍሬው መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ስለ ገንዘብ መሆኑን አስረዱኝ። እኔም ሐሳቡ እንደገባኝ ለማሳየት እንግሊዝኛውን ወደ ፈረንሳይኛ መልሼ «ፑር አን ዡር ደ ፕልዊ»፣ ማለትም «ለዝናባማ ቀን» ብላቸው ምን ማለቴ እንደሆነ አልተረዱም። እባካችሁ፣ ፈረንሳዮች ስለዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ በእርግጥ የሚሉት ምንድን ነው? በፈተና ወረቀት ላይ ብጽፈው የማያሳፍረኝስ የትኛው ነው?

መልስ፣ ከፓሪስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የዝናቡን አባባል ይተዉት፤ የእንግሊዝኛ እንጂ የፈረንሳይኛ አይደለም። ባልደረባዎ የነገሩዎት ግን ነባርና ዛሬም በሕይወት ያለ አባባል ነው። ፒር ውሃ የሞላው ፍሬ በመሆኑ፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳይበላ አንዷን ያስቀረ ሰው ሲጠማው ትደርስለታለች ማለት ነው። ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ለኋላ የሚቀመጥ ማናቸውንም ነገር ይመለከታል፤ ጨዋ አነጋገር ስለሆነም በፈተና ላይ ቢጽፉት ያስመሰግንዎታል።

ሆኖም በየዕለቱ ከሁሉም አብልጠው የሚሰሙት «ሜትር ደ ላርዣን ደ ኮቴ»፣ ማለትም «ገንዘብ ወደ ጎን ማድረግ» የሚለውን ነው፤ ባንክ ውስጥም፣ በቤተሰብ መካከልም፣ በደብዳቤም ያገለግላል። እዚህ ላይ አደራ የምልዎት «ደ ኮቴ» የሚለውን «አ ኮቴ» እንዳያደርጉት ነው፤ ምክንያቱም «አ ኮቴ» ካሉ ገንዘቡን ከአንድ ነገር አጠገብ አስቀመጥሁት ማለት ይሆናል። ከእንግሊዝኛ የምንመጣ ሰዎች የምንሳሳትበት ሌላው ቃል «ሶቬ» ነው። በካናዳ ኬቤክ ሰዎች ገንዘብ ስለ መቆጠብ ሲናገሩበት ይሰማል፤ በፈረንሳይ ግን ሰውን ከሞት ወይም ከአደጋ ማዳን ስለሆነ፣ በቦታው «ኤኮኖሚዜ» ወይም «ኤፓርኜ» ይበሉ። የመጀመሪያው ወጪን መቀነስንም ይጨምራል፤ ሁለተኛው ግን ገንዘቡን አስቀምጦ ማጠራቀም ላይ ያተኩራል።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (የቀድሞ የሊሴ ገብረማርያም ተማሪ)

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው የእኛን አማርኛ የሚመስለውን ነው። «ባ ደ ሌን» ሲሉ «የሱፍ ካልሲ» ማለታቸው ሲሆን፣ የድሮ የገጠር ሰው ሳንቲሙን በካልሲ ቋጥሮ ከቤቱ ይደብቅ ከነበረበት ልማድ የመጣ ነው። እናቶቻችን ብር በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ልጅ የታመመ ዕለት ቋጠሮውን በጥርሳቸው ሲፈቱ ያየ ሰው ይህን አባባል ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ዛሬ ጋዜጠኞች የሕዝቡን ጠቅላላ ቁጠባ እንኳ «የፈረንሳዮች የሱፍ ካልሲ» ብለው ይጽፋሉ።

ክፉውን ቀን ራሱን መጥራት ሲፈልጉ ደግሞ «ቫሽ ሜግር»፣ ማለትም «የከሱ ላሞች» የሚለውን ይያዙ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ዮሴፍ ከፈታው የፈርዖን ሕልም የተወሰደ በመሆኑ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን አባባሉ የችግሩን ዘመን እንጂ ቁጠባውን አይገልጽምና ሁለቱን እንዳያምታቱ።

መልስ፣ ከማርሴይ

ወንድሞቼና እህቶቼ በጨዋ ቋንቋ የመለሱ ስለሆነ፣ እኔ የሰፈሩን አነጋገር ልጨምር። የግንባታ ሠራተኛ ነኝ፤ የሥራ ጓደኞቼ «ሜትር አ ጎሽ»፣ ማለትም «ወደ ግራ ማድረግ» ይላሉ፤ ትርጉሙ ያው ገንዘብ ለብቻ ማስቀመጥ ነው። ገንዘብን ራሱን በስሙ አይጠሩትም፤ አንዱ «ብሌ» (ስንዴ)፣ ሌላው «ኦዜይ» (ጎምዛዛ የሚበላ ቅጠል)፣ ወጣቶቹ «ቱን»፣ ሁሉም ደግሞ «ፍሪክ» ይሉታል። እነዚህን መስማትና መረዳት ይገባል፤ ለአለቃ፣ ለባንክ ሠራተኛና ለፈታኝ ግን አይነገሩም።

«ኤኮኖሚ ደ ቡ ደ ሻንዴል» የሚሉትንም ይወቁ። «የሻማ ቁራጭ ቁጠባ» ማለት ሲሆን፣ ሰው ጥቃቅኑን ለማትረፍ ሲደክም ምንም የማይጠቅመውን ቁጠባ ይነቅፋል። ተቀባይነት ያለው አነጋገር ቢሆንም በሰው ላይ ከተነገረ ያስቀይማል፤ እኔ አንድ ጊዜ ለማመስገን ብዬ ተናግሬው የሥራ ባልደረባዬ ቅር ስላለው፣ ተመልሼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ጠያቂዋ እንደገና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ባንክ ስሄድ ሠራተኛዋ «ኤፓርኝ ደ ፕሬኮስዮን» እና «ሊቭሬ አ» አለችኝ፤ አንድ ናቸው? ዕቁብ እንደምጥል ለባልደረቦቼ ስነግርስ በምን ቃል ልጥራው?

መልስ፣ ከፓሪስ

አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለድንገተኛ ነገር የሚቀመጥ የመጠባበቂያ ቁጠባ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ይህ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባበት የቁጠባ ደብተር ነው። ደብተሩ ከ1818 ዓ.ም (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ ወለዱን መንግሥት ይወስናል፤ ግብርም አይከፈልበትም፤ ገንዘቡን በፈለጉ ጊዜ ማውጣት ይችላሉ። አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለው አንድ ደብተር ብቻ ሲሆን፣ የሚያስቀምጠውም እስከ 22,950 ዩሮ ነው፤ ወለድ ሲታከልበት ግን ከዚያ ማለፍ ይችላል።

ዕቁቡን «ቶንቲን» ይበሉት። ስሙ በ17ኛው መቶ ዘመን ከኖረው የኔፕልስ ሰው ከሎሬንዞ ቶንቲ የተወሰደ ነው። የእርሱ ሐሳብ ከዕቁብ የተለየ ነበር፤ ነገር ግን በፈረንሳይ የሚኖሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሰዎች በየተራ የሚወጣውን የጋራ መዋጮ በዚሁ ስም ስለሚጠሩት፣ በተለይ ከእነርሱ ጋር የሚሠሩ ከሆነ ያለ ማብራሪያ ይረዱዎታል።

ጠያቂዋ

ለፈተናው ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ዠ ሜ ሳንካንት ኦሮ አ ኮቴ ሻክ ሟ፣ አን ካ ደ ኩ ዱር።» በየወሩ 50 ዩሮ ለክፉ አጋጣሚ አስቀምጣለሁ ለማለት ነው። እርማት ካለው ንገሩኝ።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ

«ኩ ዱር»፣ ማለትም «ከባድ ምት»፣ እዚህ ቦታ በትክክል ገብቷል፤ በጽሑፍም ይፈቀዳል። «አ ኮቴ» ያሉትን ብቻ «ደ ኮቴ» አድርገው ያርሙት። ከዚያ በኋላ «ኮም ኦን ዲ»፣ ማለትም «እንደሚባለው» ብለው የባልደረባዎን የፒር አባባል ቢያስከትሉ፣ አባባሉ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ሳይጋጭ ይቀመጥልዎታል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ላ ስዋፍ» የሚለው ላይ ነው፤ «ጥማቴ» ብለው ወደ ራስዎ እንዳይቀይሩት፣ እንደሰሙት ይጻፉት።